በይግዛው ስም የተቆለፈው ኮምፒውተር

ይግዛው የያዘው ስሜት ቅናት መሆኑን ለብዙ ጊዜ አላመነም። መጀመሪያ ጨጓራ ነው አለ። ቀጥሎ፣ ጥቅምት ገብቶ ስቶክሆልም ከሰዓት በኋላ መጨለም ስትጀምር በየዓመቱ የሚመጣበት መከፋት ነው አለ። ሚስቱ ሃይማኖት ግን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባቡር ውስጥ ፊቱን አየት አድርጋ፣ «ሕሩይ ነው አይደል?» አለችው። መስኮቱን እያየ ቤታቸው እስካለበት እስከ ኪስታ ሄደ።

ነገሩ የባሰበት በዚያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነው። እትዬ አስካለ ማርያም ነጠላቸውን እያጣጠፉ ወደ ይግዛው መጡና፣ «ኮምፒውተሬ ሊድንልኝ ነው» አሉት። «ሕሩይ ሁለት ሲስተም አስቀምጥበታለሁ ብሎኛል። አንዱ ለድሮው ጽሑፍ፣ አንዱ ለዛሬው ነገር። ቅዳሜ ይመጣል። አንተም ና፣ ድንች ወጥ እሠራለሁ።»

ይግዛው ፈገግ ለማለት ሞከረ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት የተበላሸ ነገር ሲኖር ተጠሪው እሱ ነበር። አሁን እንደ እንግዳ ለወጡ ተጠራ።

በማኅበረ ምእመናኑ ዘንድ ኮምፒውተር የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለይግዛው ነበር። በደርግ ማብቂያ ዓመታት ለትምህርት መጥቶ፣ ምሕንድስና ተምሮ፣ ኪስታ ከሚገኙት የቴሌኮም መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከቤት ቤት ይዞራል። የማን የይለፍ ቃል የማን ልጅ የክርስትና ስም እንደሆነ በቃሉ ያውቃል። ክፍያ አይቀበልም፤ ግን እግሩ ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ሲነሣለት፣ «ይግዛው መጣ፣ በቃ ተገላገልን» ሲባል መስማት ይወድ ነበር። የሚሠራበት ክፍል ወደ ሌላ አገር ተዛውሮ እሱ ያለ ሥራ ቤት የቀረ ጊዜ፣ በእግሩ ያቆመችው ያቺ ቅዳሜ ናት። ሰኞ የሚፈልገው ሰው ባይኖርም ቅዳሜ ይፈለጋል።

ሕሩይ ደግሞ ገና አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በሱዳንና በሊቢያ በኩል መጥቶ፣ ሰሜን ስዊድን በረዶ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከስቶክሆልም በስተደቡብ ወዳለችው ሶደርተልየ የወረደ ሰው ነው። ቀን የጭነት መኪና ይገጣጥማል። ኮምፒውተር የተማረው በዚያ በሰሜኑ የስደተኞች መጠለያ፣ ሰው የጣላቸውን እየፈታ ነው። ዲግሪ የለውም። ይግዛው ይህን ብዙ ጊዜ ለራሱ ነግሮታል፤ ዲግሪ የለውም።

ያናደደው ሌላም ነገር ነበር። የእትዬ አስካለ ኮምፒውተር የዘጠኝ ዓመት ዕቃ ነው። የያዘው ዊንዶውስ ከእንግዲህ የደኅንነት ማሻሻያ አይላክለትም፤ አዲሱን ዊንዶውስ ደግሞ ኮምፒውተሩ አይችለውም። ከሦስት ሳምንት በፊት አማክረውት ይግዛው፣ «ጣሉት፣ አዲስ ይግዙ» ብሏቸው ነበር። እትዬ አስካለ ዝም አሉ። የማይጥሉበት ምክንያት ነበራቸው። ሟቹ ባላቸው አቶ ወልደ አማኑኤል የጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በዚያ ውስጥ ነው፤ የተጻፈውም በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ፋይሉ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። መጻፊያውን የሠሩት ሰዎች ከተበተኑ ቆይተዋል። ሕሩይ ይህን ሲሰማ፣ «እና ለምን ሁለቱንም አናደርገውም እማማ?» አለ። አሮጌው ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ከጎኑ ሊኑክስ የሚባል ነፃ ሲስተም ይገባል፤ በእሱ ቅዳሴ ያያሉ፣ ከልጃቸው ጋር ይነጋገራሉ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የትኛውን እንደሚፈልጉ ይጠይቃቸዋል።

ይግዛው ይህን ማሰብ አያቅተውም ነበር። ያቃተው ነገር ቢኖር፣ እትዬ አስካለ ዝም ያሉበትን ምክንያት መጠየቅ ነው።

ቅዳሜ እትዬ አስካለ የሚኖሩበት ፊቲያ ደረሰ። ከስድስተኛው ፎቅ መስኮት ሐይቁ እንደ ተጠፈጠፈ ቆርቆሮ ይታያል። አቶ ወልደ አማኑኤል በሕይወት ሳሉ ይቀመጡባት የነበረችው ወንበር ላይ ሕሩይ ተቀምጧል። ይግዛው ሲገባ ተነሣ፤ በሁለት እጁ ጨበጠው። «ጋሼ እንኳን መጡ፤ ብቻዬን ፈርቼ ነበር» አለ። ይህም ይግዛውን አላስደሰተውም። ሰው ቢኮራበት ይሻለው ነበር።

«ወንበሩ ይመቻል?» አለ ይግዛው።

«ይቅርታ፣ የእርስዎ ነው?»

«የጋሽ ወልደ አማኑኤል ነበር።»

ሕሩይ ደንግጦ ሊለውጥ ሲል እትዬ አስካለ ከማብሰያው በኩል፣ «ተቀመጥ አንተ ልጅ፣ ወንበር ሰው አይመርጥም» አሉ። ይግዛው ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሶፋው ዝቅ ያለ ስለሆነ ስክሪኑን ለማየት አንገቱን ማስገግ ነበረበት።

«ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት» አለ ሕሩይ። «ጽሑፉ ሌላ ቦታ ተቀምጧል?»

«እኔ ሳላስቀምጥ ቀርቼ ነው?»

«እሺ። ዲስኩስ ቁልፍ አለበት? አንዳንዱ ራሱን ይቆልፋል።»

«የለበትም። የጫንኩት እኔ ነኝ እኮ።»

የሕሩይ ጣት ማውሱ ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ቢጫን ቁልፍ መኖር አለመኖሩን ራሱ ያየው ነበር። ነገር ግን ታላቁ የለም ብሎ እየተናገረ፣ በሰው ፊት ከፍቶ ማረጋገጥ ውሸታም ነህ ከማለት አይለይም። ጣቱን አነሣ። «ጋሼ ካሉ» አለ።

ከዚያ ሥራውን ጀመረ። ይግዛው ስህተት ሲጠብቅ ስህተት አላገኘም። ዲስኩን ቆርሶ ለአዲሱ ቦታ አበጀ፤ ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰካ፤ ከፍላሹ እንዲነሣ የኮምፒውተሩን መነሻ ማስተካከያ ከፍቶ አንድ ጥበቃ አጠፋ። እጁ ፈጣን ነው፤ አፉ ግን ዝግ ብሎ የሚሠራውን ሁሉ ለእትዬ አስካለ ይነግራቸዋል። «ቤቱን በግድግዳ ከፈልነው እማማ፤ በሩ አንድ ነው፣ ክፍሉ ሁለት።» እሳቸውም ማማሰያ እንደያዙ ይስቃሉ። ይግዛው በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ምን እየሠራ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ነግሯቸው አያውቅም። ሲጨርስ «አለቀ» ይል ነበር።

ሕሩይ ሁለቱም ክፍል በቦታው መሆኑን ለማየት ወደ አሮጌው ዊንዶውስ ሊመለስ ሲል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። የመክፈቻ ቁልፉን አስገባ አለ፤ አርባ ስምንት አኃዝ፣ ስድስት ስድስት ሆኖ በስምንት ረድፍ። ዲስኩ ተቆልፏል።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ሕሩይ ረድፎቹን በጣቱ ቆጠረ። «ቁልፍ ነበረበት። መነሻውን ስነካው የማላውቀው ሰው ነህ አለኝ። ቁልፉ ካልተገኘ የጋሽ ወልደ አማኑኤል ጽሑፍ አይከፈትም።» ወደ ይግዛው ዞረ። «ጋሼ፣ ያን ጊዜ በማን የኢሜይል አድራሻ ነበር የተከፈተው?»

ይግዛው ወዲያው ታወሰው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ኢሜይል ሲጠይቅ አቶ ወልደ አማኑኤል ኢሜይል አልነበራቸውም። «ለጊዜው በእኔ ይሁን» ብሎ የራሱን አስገባ። በሁሉም ቤት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ኮምፒውተሩም በዚያው ራሱን ቆልፎ ቁልፉን ወደ እሱ አካውንት ልኳል።

«ረስቼዋለሁ» አለ። «ምናልባት በራሳቸው በጋሽ ወልደ አማኑኤል ይሆናል።»

ሕሩይ ትንሽ አየው። ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ዞረና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው እማማ። ሳልነካው ማየት ነበረብኝ» አለ።

እትዬ አስካለ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ኅዳር ላይ የባላቸው ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በዚያ ቀን እንዲነበቡ አስበው ነበር። እሳቸው ራሳቸው አላነበቧቸውም፤ «ሳልጨርስ አታዪም» ይሏቸው ነበርና።

በዚህ ጊዜ ይግዛው ውስጡ አንድ ነገር ሞቅ ሲለው ተሰማው። ደስታ ነበር። በኋላ ሲያስበው ፊቱን የሚያስጠቁረው ይኸው ደስታ ነው። «አይዞዎት እትዬ» አለ፤ «እኔ ያስቀመጥኩት አለ።» እሳቸውም እንደ ድሮው፣ ይግዛው መጣ በቃ ተገላገልን እንደሚሉበት ጊዜ አዩት። ድንች ወጡን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ።

ቤቱ ደርሶ ጽሑፉን የቀዳበትን ፍላሽ ከመሳቢያ አውጥቶ ሰካ። የመጨረሻው ቅጂ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። እስከ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ አለ። አቶ ወልደ አማኑኤል ከታመሙ ወዲህ በአንድ ጣት ፊደል ሲለቅሙ የኖሩት ሁሉ የለም። እየመጣሁ እቀዳለሁ እያለ አልቀዳም ነበር፤ ታማሚ ቤት መሄድ ከብዶት።

ከዚያ የራሱን አካውንት ከፈተ። ረጅም ዝርዝር መጣ፤ እሱ የጫናቸው ኮምፒውተሮች በሙሉ በየባለቤቱ ስም። ዐሥራ አራት ናቸው። ሦስቱ ሰዎች ሞተዋል፤ አንዷ ወደ ካናዳ ሄዳለች። ከላይ አራተኛው «ጋሽ ወልደ አማኑኤል» ይላል። ተጫነው። ስምንቱ ረድፍ ወጣ።

ስልኩን አነሣ፤ አስቀመጠው። አሁን ቢደውል የሚሆነውን አየ። ሕሩይ ቁልፉን አስገብቶ፣ ሥራውን ጨርሶ፣ በዚያች ወንበር ላይ ይመሰገናል። ትንሽ ቢቆይስ? ሕሩይ ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ፣ ይግዛው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይገባና ይከፍተዋል። አንድ ሳምንት ማንንም አይገድልም። ገጹን ዘጋው።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ ወሬው ደርሷል። ይግዛው ለእትዬ አስካለ የቀዳው እስከ ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ብቻ መሆኑን ነገራቸው፤ ቁልፉን ግን አላነሣም። አንዲት ሴት፣ «መኪና የሚገጥም ሰው ኮምፒውተር ምን አስነካው?» ስትል ሰማ። ለዚህ ነበር የቆየው። ግን አፉ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ሻይ ሆነበት። ሕሩይ ዕቃ እያነሣ ነበር፤ ሰምቷል፤ ቀና አላለም።

ረቡዕ ዕለት ይግዛው ራሱ ደወለ። ሁኔታውን ለማጣራት።

«ሕሩይ እኮ በየቀኑ ይመጣል» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ሐዘን የለበትም፤ ይህ ገረመው። «ከሥራ መልስ ከሶደርተልየ በአውቶቡስ። ጋሽህ ቁልፉን ደብተራቸው ላይ ጽፈውት ይሆናል ብሎ። ያን ሁሉ ደብተር አንድ በአንድ እያነበብን ነው። እኔ አነባለሁ፣ እሱ ቁጥር ሲመጣ ይጽፋል። ባቡር ጣቢያው ውስጥ ትኬት ሲሸጡ የጻፉት አለ፤ ስለ አንድ ሰካራም፤ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ትናንት መጋረጃውን ሰቀለልኝ።»

«መጋረጃውን?»

«ልጅ ሆነልኝ ይኸውልህ።»

ይግዛው ምን ብሎ እንደተሰናበታቸው አያውቅም። ያሰበው ሕሩይን ከዚያ ቤት ማስወጣት ነበር፤ እሱ ግን በገዛ እጁ በየቀኑ አስገባው። እሱ ቁልፉን ይዞ በቆየ ቁጥር እነሱ አንድ ደብተር ያልፋሉ። ይግዛው እነዚያን ደብተሮች አይቷቸው አያውቅም። አቶ ወልደ አማኑኤል ለእሱ የነገሩት ሌላ ነው። ይግዛው በመጣበት የመጀመሪያው ክረምት፣ ከፊቲያ ጣቢያ ደጅ፣ የትኬት መስኮታቸውን ዘግተው ወጥተው በረዶ ላይ መራመድ አስተማሩት። «እግርህን አታንሣ። እንደ ዳክዬ ሂድ፤ የሚያይህ የለም።» ያ የእሱ ብቻ ይመስለው ነበር።

ሃይማኖት ከሥራ ገብታ ጫማዋን ስታወልቅ ሁሉንም ነገራት። ለምን እንደነገራት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ አረጋውያን ስታነሣ ስታስቀምጥ ውላለች፤ ቆማ ሰማችው።

«ቁልፉ አንተ ጋ ነው?»

«እኔ ጋ ነው።»

«ሃያ ዓመት ቤት ቤት ስትዞር የሰው ዕቃ ላይ ሁሉ ስምህን ነው ስትለጥፍ የኖርከው?»

«ለጊዜው ነበር።»

«አሁንስ ምን ልታደርግ ነው?»

«ነገ እሰጣለሁ» አለ ይግዛው። «ሕሩይ በየቀኑ እዚያ እየሄደ መጋረጃ እንዳይሰቅል።»

ሃይማኖት ሳቀች። «ለጽድቅ አይደለማ» አለች፣ «ይሁን፣ ብቻ ስጥ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ እትዬ አስካለና ሕሩይ በደብተሮቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ይግዛው ኮቱን ሳያወልቅ፣ «አገኘሁት» አለ። «የድሮ ነገሮች ውስጥ ስፈልግ ከረምኩ። በእኔ ስም ነበር ለካ።» መጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሐይቁን እያየ ነው የተናገራት።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሕሩይ ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ ሰማያዊው ስክሪን መጣ። ይግዛው ከስልኩ ማንበብ ጀመረ። ስድስት አኃዝ፣ እረፍት። ሕሩይ ይመታል፣ ይደግማል፤ ይግዛው «ልክ» ይላል። አምስተኛው ረድፍ ላይ የይግዛው ድምፅ ተሰበረ፤ ሕሩይ ሳያይ ጠበቀው። ስምንተኛው ሲያልቅ ሰማያዊው ጠፋ፤ የአቶ ወልደ አማኑኤል ስክሪን፣ የደብረ ሲና ፎቶግራፍ ያለበት፣ መጣ።

የቀረውን ሕሩይ በሁለት ሰዓት ጨረሰ። በመጀመሪያ ግን ጽሑፉን ሁለት ቦታ ቀዳ፤ አንዱን ፍላሽ ለይግዛው ሰጠ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ጥቁር ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል። «ከላይ አዲሱ ነው እማማ፤ ከታች የጋሼ። በቀስቷ ይውረዱና ይጫኑ።» እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ወረዱ፤ ተጫኑ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፍተው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ስለ ጣቢያው ነበር። በረዶ ሲጥል አዲስ የመጡ ልጆችን ደጅ ወጥቼ አረማመድ አስተምር ነበር ይላል፤ ስንት እንደነበሩ አላስታውስም፣ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ሁሉም ወድቀዋል፣ ሁሉም ተነሥተዋል። የማንም ስም የለም። ጽሑፉ ከዚያ ሁለት መስመር ሄዶ ይቆማል።

ይግዛው ሠላሳ የሚለው ቃል ላይ ቀረ። ሌሎቹን ሃያ ዘጠኝ በዓይነ ሕሊናው ፈለጋቸው።

«ጋሽ ይግዛው ባይኖሩ ይህ ሁሉ አመድ ነበር» አለ ሕሩይ።

«እግዜር ይስጥህ ይግዛው» አሉ እትዬ አስካለ። «ሁለታችሁንም።»

ሊፍት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሆኑ። አራተኛው ፎቅ ላይ ይግዛው፣ «ቅዳሜ ዕለት አድራሻዬን አይተኸው ነበር?» አለ።

«ዲስኩን ስቆርስ ከላይ በኩል ተጽፎ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ።»

«ባልናገርስ?»

ሕሩይ አሰበ። «ደብተሮቹን እንጨርስ ነበር» አለ። «ዐሥራ ሁለት ቀርተዋል። ያስቃሉ ጋሼ፣ ቢያዩዋቸው።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሁለት ጊዜ ልደውልልዎት ስልኬን አውጥቼ ነበር። ከባድ ሆነብኝ» አለ።

ደጅ ላይ ተለያዩ። ሕሩይ ወደ አውቶቡሱ፣ ይግዛው ወደ ባቡሩ። ይግዛው ወደ ኋላ ዞር ብሎ አየው። ሰውየው ቢያጋልጠው፣ ቢሰድበው፣ ቢያንስ እትዬ አስካለ ፊት በዓይኑ ቢወጋው ጠላት ይሆነው ነበር፤ ጠላትን ደግሞ ሰው ይችለዋል። አሁን ግን በሥራው ብቻ ሳይሆን በዝምታውም በለጠው። ማዕከላዊው ጣቢያ ቴ ሴንትራለን ወርዶ ወደ ሰማያዊው መስመር እስኪሻገር ድረስ ይህ አንገበገበው።

ቤቱ ገብቶ ዝርዝሩን ከፈተ። «ጋሽ ወልደ አማኑኤል» የሚለውን አጠፋ። ዐሥራ ሦስት ቀሩ። ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ሁለተኛዋ ስም ጋ ደወለ፤ አልቪክ የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ብርቱካን ናት።

«ብርቱካን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አለሽ?»

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«የለም። የኮምፒውተርሽን ቁልፍ ልሰጥሽ ነው። እኔ ጋ ነበር።»

«እና ምን ላድርገው?»

«አስቀምጪው። የሚሠራልሽ ሰው ይጠይቅሽ ይሆናል።»

መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። «ማን ነው የሚሠራልኝ? ያ ሕሩይ የሚባለው ነው? ጎበዝ ነው ይሉታል።»

ይግዛው ዓይኑን ጨፈነ።

«ጎበዝ ነው» አለ። «በይ ጻፊ።»

የመጀመሪያዎቹን ስድስት አኃዞች ቀስ ብሎ አነበበላት።

«ደግመህ በለው» አለችው።

ደገመላት።